«እዚህ ቤት ሰው ይበላል?»

ባለፈው እትም ስለ ቴሌቪዥን ኮሜዲ አጻጻፍ ነካ አድርጌ ባልፍ፣ የደረሰኝ ደብዳቤ ከሌላው ወር እጥፍ ሆነ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ስድስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ላለፉት 14 ዓመታት ቀን ቀን የባህልና የኪነ ጥበብ ዘገባ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። የምመልሰውም ከዚያው ከሥራዬ ነው።

«የ20 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ምህንድስና እማራለሁ። ዶርም ውስጥ ሳወራ ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ያንኑ ጨዋታ እንደ ስክሪፕት ጽፌ ሳነብላቸው ግን ዝም ይላሉ። ምኑ ነው የጠፋው? ቴአትር ሳይማሩስ የኮሜዲ ደራሲ መሆን ይቻላል?» (ከባሕር ዳር)

የጠፋው አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ልጆቹ ዶርም ውስጥ የሚስቁት በወሬው ብቻ አይደለም፤ በፊትህ፣ በእጅህ አወራወር፣ ማን እንደሆንክ ስለሚያውቁም ጭምር ነው። ወረቀቱ ላይ አንተ የለህም። ስለዚህ በአንተ ቦታ የሚቆም ሰው መፍጠር አለብህ። አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ፣ ግን እፈልጋለሁ ብሎ ለመናገር የሚያፍር ሰው።

እናቴ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ መትከልና ልክ መመዝገብ የኔ ሥራ ነበር። እሷ በሜትር እየለካች «ደረት ዘጠና ስምንት፣ እጅጌ ስልሳ» ትላለች፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ኮታቸውን ይዘው መጡ። «እትዬ፣ ይቺ ኮት ጠበበችኝ። ታጥባ ነው መሰል» አሉ። እናቴ ደረታቸውን ለካች፤ ቁጥሩን ጠራች፤ ጻፍኩ። ሜትሩን ወደ ሆዳቸው አወረደችው። እርሳሴን አሹዬ ጠበቅኩ። ቁጥር አልጠራችም። እርሳሱን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጻፈችው፤ ደብተሩንም ዘጋችው። ከዚያ «ልክ ነዎት አያ፣ የደሴ ብርድ እኮ ጨርቅ ያኮማትራል» አለቻቸው። ሰውየው ፊታቸው በራ። «እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት!» ብለው ወጡ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሴቶች ኮቴያቸው እስኪርቅ ታግሠው በሳቅ ፈረሱ። እናቴ አልሳቀችም። «ኮቱ ለሐሙስ ይደርሳል» ብላ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

እዚህ ውስጥ ማን ቀልድ ተናገረ? ማንም። ሰውየው ክብራቸውን እየጠበቁ ነው፤ እናቴ ክብራቸውን እየጠበቀችላቸው ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ለክብራቸው ሲሉ ሳቃቸውን ይዘው ቆይተዋል። የሳቁ ምንጭ ይሉኝታ ነው። እኔ የጻፍኩት ትዕይንት ሁሉ ተመልሶ እዚያ ደብተር ላይ ይገባል። አንተም ከዚህ ጀምር። እራት ሰዓት ላይ የደረሰ እንግዳ ውሰድ። ሆዱ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች፤ እንቢ ይላል። ሁለተኛ «በሞቴ» ትላለች፤ አሁንም እንቢ ይላል፤ በሦስተኛው እሺ ሊል ነው የተዘጋጀው። ሴትየዋ ግን ሁለተኛው ላይ አቁማ መሶቡን ብትከድነውስ? ከዚህ በኋላ ያ ሰው ወደ መሶቡ ለመመለስ የሚያደርገው ነገር ሁሉ አሥር ገጽ ይሞላልሃል።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋው ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አድማጩ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ በእጅህ ነው። «አጎቴ በሰባ ዓመታቸው ሚስታቸውን...» ስትል ሁሉም «ፈቱ» የሚለውን ይጠብቃል። «ፈሩ» ብለህ ዝጋው። ከ«ፈሩ» በኋላ አንድ ቃል ብትጨምር ሳቁን በእጅህ ታፍነዋለህ። የጀማሪ ስክሪፕት ሳነብ መጀመሪያ የማደርገው ከእያንዳንዱ የሳቅ መስመር በኋላ የተንጠለጠለውን ቃል መሰረዝ ነው።

ሌላው ፊደላችን የማያሳየው ነገር ነው፤ መጥበቅና መላላት። አንድ ክፍል ውስጥ ከገጠር የመጣ ልጅ ባዶ ምግብ ቤት ይገባል። አንድም ተመጋቢ የለም፤ ከጓዳ ግን ሽርጥ ያሸረጠ ግዙፍ ሰው ትልቅ ቢላዋ ይዞ ብቅ ይላል። ልጁ «እዚህ ቤት ሰው ይበላል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ስጽፈው «በ»ም «ለ»ም ጠብቀው ነበር የሰማሁት። በንባብ ልምምዱ ቀን ተዋናዩ አላልቶ አነበበው፤ ተመጋቢ ይመጣል ወይ ብሎ የጠየቀ መሰለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ቀልዱ ደካማ ነው ብዬ ሰረዝኩት። ነገሩ የገባኝ ሌሊት፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለራሴ ጮክ ብዬ ስለው ነው። በማግስቱ መለስኩትና ጎኑ ላይ «ጠብቆ ይነበብ» ብዬ ጻፍኩ። ካሜራ የያዘው ልጅ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ አስደገመን። ስለዚህ የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብበው፤ ከዚያም ሌላ ሰው ሳታስረዳው ያንብበው። እሱ ሲያነብ የምትሰማው ነው ስክሪፕትህ።

ስለ ትምህርቱ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለው፤ እዚያ የተማሩ ብዙ ጎበዞችን አውቃለሁ፤ ዕድሉ ካለህ አትናቀው። ግን በር አይደለም። ጳውሎስ ኞኞ ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚለውን አምድ ይዘው አገር በመልሳቸው ሲስቅና ሲማር ኖሯል። አንተ ደግሞ ያለኸው ባሕር ዳር ነው። ማታ አዝማሪ ቤት ግባ። አዝማሪው ከመዝፈኑ በፊት የሚያደርገውን ተመልከት፤ የእንግዳውን ጫማ ያያል፣ አብራው የመጣችውን ያያል፣ ማን እንደሚከፍል ይገምታል። ስንኙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምህንድስናህንም ጨርስ። ስለ ግንባታ ቦታ፣ ስለ ፎርማንና ስለ ቀን ሠራተኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ የኮሜዲ ደራሲ እስካሁን አላገኘሁም፤ አንተን እጠብቃለሁ።

«ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ ባንክ እየሠራች ሳለ ‹ለቅቄ ኮሜዲ እጽፋለሁ› አለችኝ። ቀልድ የቁም ነገር ሥራ ይሆናል ወይ?» (ከደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የአባት ጥያቄ ነው፤ አባቴም ጠይቆኛል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። እንስሳት የሚናገሩበት ኮሜዲ ነው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥትን ይነቅፋል ተብሎ ታግዷል። ያንን ኮሜዲ የጻፉት ሰው ናቸው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፤ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙትም እሳቸው ናቸው። አለቃ ገብረ ሐናንም አገሩ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ዜማና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ዛሬም ደብረ ታቦር ይዘመማል። ቀልድና ቁም ነገር በእኛ አገር ተለያይተው አያውቁም።

የእንጀራው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የስክሪፕት ገንዘብ ወቅቱን ጠብቆ አይመጣም። ስፖንሰር ሲወጣ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ፕሮግራሙ ሲቆም የደራሲው ቤት ኪራይ አይቆምም። እኔን ያኖረኝ የጋዜጠኝነቱ ደመወዝ ነው። ልጅዎ ባንኩን ዛሬ አትልቀቅ። ከሥራ መልስ በሳምንት አንድ ትዕይንት ትጻፍ፤ በዓመቱ መጨረሻ ስድስት ሙሉ ክፍል በእጇ ይኑር። ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ ታውሩ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ አንድ ነገር ያድርጉላት፤ ስትጽፍ «ምን ትሠሪያለሽ?» አይበሏት።

«በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የኪነ ጥበብ ዘጋቢ ነኝ። የጓደኛዬን ቴአትር እንድዘግብ ተመደብኩ። ቴአትሩ ደካማ ነው። ምን ልጻፍ?» (ከአዲስ አበባ)

መጀመሪያ ለአለቃሽ ጓደኛሽ መሆኑን ንገሪ። ሌላ ሰው ካለ ይሂድ። ከሌለ ደግሞ ዝምድናችሁን በዘገባው ውስጥ ተናገሪው፤ አድማጭ ይህን ማወቅ መብቱ ነው።

ከዚያ ያየሽውን ጻፊ። «ግሩም ነበር» ወይም «አልተሳካም» ማለት ዘገባ አይደለም። ብሔራዊ ቴአትር ስገባ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ግማሹን ሰዓት መድረኩን፣ ግማሹን ሰዓት የሰውን ጭንቅላት አያለሁ። የስልክ መብራት የሚበራው መቼ ነው? አንዱ ሲበራ ቸል እላለሁ፤ አምስት ስድስቱ አብረው ሲበሩ ማስታወሻዬ ላይ መድረኩ ላይ እየተደረገ ያለውን እጽፋለሁ። የምረቃውን ቀን ብቻ አይታ የምትጽፍ ጋዜጠኛ የዘመድ ጭብጨባ ነው የምትዘግበው። በሦስተኛው ሳምንት ትኬት ገዝተሽ ግቢ። በር ላይ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው አናግሪ፤ ማን በዕረፍት ሰዓት ወጥቶ እንደማይመለስ ከማንም በላይ ያውቃል። «ለትራንስፖርት» ተብሎ የሚሰጥ ፖስታ ካለ መልሺው። ትንሽ ብር ናት፤ ከተቀበልሽ በኋላ የምትጽፊው ቃል ግን ሁሉ የሷ ነው።

ይህን የምልሽ ስለተሳሳትኩ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ወዳጄን ፊልም ከሚገባው በላይ አወደስኩ። በሁለተኛው ሳምንት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ አባወራ ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶ ለየኝ። አልተቆጣም። «ባንቺ ጽሑፍ አምኜ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ገባሁ፤ አራት ትኬት» አለኝና ታክሲው ሲመጣ ገባ። የሱ አራት ትኬት ከወዳጄ ቅሬታ ይበልጥብኛል። ከዚያ ወዲህ በእውነት በመጻፌ ያኮረፈኝ ወዳጅ አለ፤ እስካሁን አያናግረኝም። ያሳዝነኛል፤ ጽሑፉን ግን መልሼ አልጽፈውም።

ለጓደኛሽ አንድ ነገር ልታደርጊለት ትችያለሽ። ዘገባው ከመተላለፉ በፊት ደውለሽ «ቴአትሩ ላይ ያላሳመነኝን እናገራለሁ» በዪው። ከሬዲዮ ሰምቶ አይወቀው።

«ከቲክቶክ ያገኘሁትን የሰው ቀልድ ስክሪፕት ውስጥ ባስገባ ምን አለበት?» (ከአዳማ)

የሰው ነው። ከዚያም ሌላ፣ አንቺ ያየሽውን ተመልካቹም አይቶታል።

«ለአንድ ፕሮዲዩሰር የሲትኮም ሐሳቤን በቃል ነገርኩት። ከስድስት ወር በኋላ ተመሳሳይ ነገር በቴሌቪዥን አየሁ። መክሰስ እችላለሁ? ለወደፊቱስ?» (ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሕመምሽ ይገባኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ሐሳብን አይጠብቅም። የሚጠብቀው በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ተቀርጾ የተቀመጠ፣ ወጥ የሆነ ሥራን ነው። «በአንድ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጎረቤታሞች» የሚለው የማንም ነው፤ አንቺ የጻፍሻቸው ሰዎች፣ ንግግራቸውና ትዕይንቶቹ ግን ያንቺ ናቸው። በቃል ብቻ ከነገርሽው ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በፊት የላክሽው ኢሜይል ወይም የቴሌግራም ፋይል ካለ ግን ሰብስቢና ለጠበቃ አሳዪ።

ለወደፊቱ፦ ካልተጻፈ አፍሽን አትክፈቺ። ሁለት ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩን አጭር ማጠቃለያ)፣ የገጸ ባሕርያቱን መግለጫና የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ ስክሪፕት አዘጋጂ። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከመፈጠሩ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሆኖም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ነገ ክርክር ቢመጣ ቀኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆንሻል።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ደግሞ ይኸውልሽ። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ማለትም «ጻፊልኝ» ብሎ ካዘዘሽ ሰው ጋር ዝም ብለሽ ከጀመርሽ፣ ዝምታሽ ለሱ ፈርሟል። ስለዚህ ውሉ ላይ ይህን ሁሉ አጽፊ፦ ስምሽ በየክፍሉ መግቢያ ላይ እንደሚወጣ፤ በክፍል ስንት እንደሚከፈልሽና መቼ እንደሚከፈልሽ፤ ስንት ጊዜ በነፃ እንደምታርሚ፤ በዩቲዩብ ቢለቀቅ፣ በሌላ ጣቢያ ቢደገም ድርሻሽ ምን እንደሆነ፤ ከመሃል ቢያሰናብቱሽ ገጸ ባሕርያቱ የማን እንደሚሆኑ።

የመጀመሪያ ተከታታይ ሥራዬን ስጀምር ውል አልፈረምኩም። አሠሪው ቡና ጋበዘኝ፣ «እኛ ቤተሰብ ነን» አለኝ፣ እኔም ስለ ገንዘብ መጠየቅ አፈርኩ። 13 ክፍል ጻፍኩ፤ የአራቱ ተከፈለኝ። በመጨረሻው ክፍል ላይ ስሜም አልነበረም። እናቴ ቤት ውስጥ ሰዎችን ሰብስባ ነበር የምታየው። ደውላ «ያንቺ ስም የሚወጣው መቼ ነው?» አለችኝ፤ «አልፏል፣ አላየሽውም» አልኳት። ያቺ ውሸት ከዘጠኙ ክፍል ገንዘብ በላይ ታመኛለች። ስክሪፕት ላይ የምወደው ይሉኝታ ውል ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ክፍል በላብኝ። አሁን ማንም ቡና ቢጋብዘኝ እጠጣለሁ፤ ቡናውን ሳልጨርስ ግን ወረቀቱን አወጣለሁ።

«ዱባይ በሰው ቤት እሠራለሁ። ሌሊት ሌሊት በስልኬ እጽፋለሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴት አለች፤ ሁለታችንም ለእናቶቻችን ‹ቢሮ ነው የምንሠራው› ብለናል። የሷን ነገር ነው የጻፍኩት። አንድ ትዕይንት ልኬልሻለሁ። ሰው ያየዋል?» (ከዱባይ)

እህት ዓለም፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ላዩ ላይ እንፋሎት ከሚጨስበት የካውያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣ እናቷን «ቢሮው ይበርዳል፣ ሹራብ ላኪልኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ጉሮሮዬ ተያዘ። ሁለቱ አብረው የመጡበት መስመር በዓመት አንድ ካገኘሁ ደስተኛ ነኝ። ሰው ያየዋል።

ሁለት እርማት አለኝ። «ሹራብ ላኪልኝ» ካለች በኋላ ለተመልካቹ የምታስረጂውን ሙሉውን አንቀጽ አውጪው፤ ካውያው ተናግሮታል። ቀጥሎም ሹራቡ በእርግጥ ይድረስ። እናት ናት፤ ትልካለች። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ጓደኛዋ እያየቻት፣ እናቷ በቪዲዮ እየተመለከተቻት ልጅቷ ያን ወፍራም ሹራብ ትልበሰው። ሁለተኛው ትዕይንትሽ ይኸው ነው። የሁለቱ እናቶች ገበያ ላይ ተገናኝተው ስለ «ቢሮው» ሲያወዳድሩ ደግሞ ሦስተኛው።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ጓደኛሽ ስለሷ መጻፍሽን ታውቃለች? እኔ አንድ ጊዜ ለዘገባ ያነጋገርኳቸው አዛውንት ሙዚቀኛ በጨዋታ መሃል ስለ ትዳራቸው አንድ ነገር አጫወቱኝ። ዘገባው ውስጥ አላስገባሁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሲትኮም ውስጥ፣ ስሙን ብቻ ቀይሬ፣ ሙያውን እንኳ ሳልቀይር አስገባሁት። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አዩት። በማግስቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኔ ያወራሁሽ ለጋዜጣው ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እጄን ይዘው ይቅር አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ቃለ መጠይቅ አልሰጡኝም፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ደብተር አለኝ። በዘገባው ደብተር ያለ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ወደ ስክሪፕቱ ደብተር አይሻገርም። ሲፈቅድም ስሙን፣ መንደሩን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር እቀይራለሁ።

የጓደኛሽ እናት እስካሁን አታውቅም። ልጇ ራሷ ሳትነግራት ከስክሪን መስማት የለባትም። ስለዚህ መጀመሪያ ትዕይንቱን ለጓደኛሽ አንብቢላት፤ ሌሊት፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ። ከሳቀችና ቀጥዪ ካለችሽ፣ ሁለተኛውን ትዕይንት ላኪልኝ። ስሟን ግን ዛሬውኑ ቀይሪው፤ የላክሽልኝ ፋይል ላይ የእውነት ስሟ ነው ያለው።